የበለጡ ባል

ጋረደው የገመድ አልጋውን ከመኝታ ክፍሉ እየጎተተ በሩ ላይ ሲደርስ አንደኛው እግሩ ደፉ ላይ ተሰንቅሮ አልወጣ አለ። በለጡ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችው። ፀሐይዋ ገና ከአጥሩ በላይ ብቅ ማለቷ ነው፤ የሽማግሌው ሸሚዝ ግን ከወዲሁ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"ወዴት ልትወስደው ነው?" አለችው።

"ደጅ ላወጣው ነው፣ እመይቴ" አላት ትንፋሹን እየሰበሰበ። "እስከ ዛሬ ስላስጠጉኝ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ግን ይበቃኛል። እኔ ባለትዳር ነኝ። ባለትዳር ሰው ከማያውቃት ሴት ጋር ባንድ ጣራ ሥር ሲያድር ነውር ነው።"

"የማታውቃት ሴት?" በለጡ መቀሷን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። "ጋረደው፣ እየኝ እስቲ። እኔ በለጡ ነኝ። ሚስትህ!"

ቀና ብሎ አያት። ሌላ ሰው ሲዋሽ ሰምቶ እንደሚያፍር ሰው ዐይኑን ቶሎ ሰበረ።

"ተዉ እመይቴ፤ በሰው ስም አይጫወቱ" አለና ወደ አልጋው ተመለሰ።

በለጡ ተነሥታ የአልጋውን እግር ከደፉ አላቀቀች፤ በወዲያኛው ጫፍ ይዛም አብራው ግቢው ውስጥ ወዳለው የኒም ዛፍ ጥላ አወጣችው። ካልረዳችው ወገቡን እንደሚጎዳ ታውቃለች። ሲያስቀምጡት ጋረደው ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናት። ባሏ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ጎንበስ ብሎ አመስግኗት አያውቅም።

በጌዳሪፍ ዙሪያ ሰሊጥና ማሽላ ያመረተ ሰው ጋረደውን ያውቀዋል። ከመፋዛ እስከ ዶካ ባሉት ሰፋፊ እርሻዎች ላይ ትራክተር ሲነዳ ነው ያረጀው። ዓረብኛው ከሱዳኖቹ አይለይም ነበር፤ ቀልዱ ሳይቀር የእነሱ ነበር። አስቀድሞ የጠፋውም ያው ዓረብኛው ነው። መጀመሪያ ቃል እየፈለገ መሀል ላይ መቆም ጀመረ። ቀጥሎ ከገበያ ሲመለስ መንገዱ ይጠፋውና ሰዎች እጁን ይዘው ያመጡት ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ "ኸረፍ ነው" አለ፤ ሱዳኖቹ ሰው በስተርጅና ሲጃጅ የሚሉት ነው። ቄሱ ጠበል ይጠመቅ አሉ። አልፎ አልፎ ከካርቱም እየመጣ የሚያክም የነርቭ ሐኪም ደግሞ ወረቀት ሰጥቶ ሰዓት እንዲሥል ጠየቀው፤ ጋረደው ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ወገን አጎራቸው። "አልዛይመር" አለ ሐኪሙ፤ ክኒንም አዘዘለት። ክኒኑ ጥቂት ወራት የረዳው መስሎ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ሚስቱም ጠፋችበት።

በለጡን ያስመረራት መርሳቱ አይደለም። ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያስቀምጥ ስቃለች። የበላውን ረስቶ ገና አልበላሁም ሲል ሁለተኛ አቅርባለታለች። የከበዳት ማታ ማታ የሚሆነው ነው። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከወንበሩ ይነሣና "በለጡ የት ሄደች?" ይላል። "ይኸው አለሁ" ስትለው አጥር አጥሩን ያያል። አንድ ቀንማ ትከሻዋን ይዞ "ምን አደረጋችኋት?" ብሎ ጮኸባት።

ልጃቸው ብፅአት ለዒድ ዕረፍት ከካርቱም መጥታ ያየችው በዚያ ሰሞን ነው። ብፅአት አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የአንጎል ፕሮቲን ታጠናለች። እናቷ ለሰው ስትናገር "ደም ትመረምራለች" ትላለች፤ ሥራዋ ምን እንደሆነ በትክክል ጠይቃት አታውቅም። ያን ቀን ግን ከምሳ በኋላ አባትየው ሲያሸልብ በለጡ የስፌት መኪናዋን አቁማ ወደ ልጇ ዞረች።

"እስቲ በደንብ ንገሪኝ። አባትሽን ምንድን ነው የነካው?"

ብፅአት እግሯን አልጋው ላይ አጣጥፋ ጥቂት አሰበች። በዓረብኛ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ የተማረችው በዚያ ነው።

"እማዬ፣ አንጎል ውስጥ ያሉት ሴሎች ሲላላኩ ነው የሚውሉት። ድምፅ የላቸውም፤ አንዱ ለሌላው ኬሚካል ይልክለታል። መልእክቱ ሴሉ በር ላይ ሲደርስ ውስጥ ፕሮቲኖች አሉ፣ ይቀበሉታል። አንዱ ቀጣዩን ይነካዋል፤ የተነካው ይነቃል፤ እሱም ሌላውን ይነካል። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ ውስጥ ያደርሱታል። 'ይህን ያዝ፣ እንዳትረሳ' የሚለው ትእዛዝ የሚሄደው እንደዚያ ነው።"

"እንደ ዓታላዎቹ" አለች በለጡ። የእህል ገበያው ተሸካሚዎች የሰሊጥ ጆንያ ከሎሪ ላይ እየተቀባበሉ ሲያወርዱ ታያት።

"ጠይብ፣ እሺ፣ እንደ ዓታላ ይሁን። ከነሱ መሀል ሥራው ምልክት መለጠፍ የሆነ አለ። ይለጥፋል፤ ሲበቃው ያቆማል። አባባ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግን አላቆምም ብሏል። ያለ ዕረፍት ይለጥፋል። ታው የሚባል ፕሮቲን ደግሞ አለ፤ ሴሉ ውስጥ ያለውን መንገድ እንደ ችካል ደግፎ የሚያቆመው እሱ ነው። ምልክት ሲበዛበት ከቦታው ይነቀልና እርስ በርሱ ይተበተባል። መንገዱ ይፈርሳል። መንገዱ ከፈረሰ ጆንያው በየት ይሂድ? ሌላም አለ፣ ከሴሉ ውጭ የሚከማች ቆሻሻ። ዋናው ግን ያልኩሽ ነው።"

በለጡ የመኪናዋን እጀታ በጣቷ እየነካካች አዳመጠች።

"እኔ ክሩ ከሥር ሲተበተብብኝ ጨርቁን ገልብጬ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ አዲስ እሰካለሁ። እናንተስ?"

"እኛ ገና መቁረጫውን እየፈለግን ነው።" ብፅአት ወደተኛው አባቷ ዞር አለች። "እኔ ፕሮቲኑን በመሣሪያ አየዋለሁ፣ እማዬ። ምልክቱ የት የት እንደተለጠፈበት አውቃለሁ። አባባን ግን ምንም አላደርግለትም። ክኒኑም መልእክቱን ለጥቂት ጊዜ ጮክ ያሰኘዋል እንጂ የፈረሰ መንገድ አይሠራም። ሰው ሁሉ 'ልጅህ ተምራለች፣ ታድንሃለች' ሲለው እሰማለሁ። ምን ልበላቸው?"

"ምንም አትበያቸው።" በለጡ ከሁሉ በፊት ልትጠይቀው የፈለገችውን ጠየቀች። "እኔስ? ራሱ ውስጥ አለሁ ወይስ ጠፍቻለሁ?"

"አለሽ። ግን ያለሽው የድሮዋ ነሽ። የጥንት የጥንቱ ብዙ ቦታ ሥር ሰዷል፣ ቶሎ አይነቀልም። የቅርቡ ግን መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ዓረብኛው ከአማርኛው ቀድሞ የጠፋውም ለዚያ ይመስለኛል። የሚፈልጋት በለጡ ልጅ እግር ናት። አንችን ሲያይሽ እሷን አትመስይውም።"

"በራሴ ተቀደምኩ በይኛ።"

"ማዓሌሽ፣ አይዞሽ እማዬ።" ብፅአት እጇን ያዘቻት። "አንድ ነገር ልለምንሽ። አታርሚው። 'እኔ ነኝ' ባልሽው ቁጥር ይፈራል፤ ሲፈራ ደግሞ ይብስበታል። የሚለውን እሺ እያልሽ ተከተይው።"

በለጡ እጇን ሳበች።

"በገዛ ቤቴ እንግዳ ልሁን? አገሬን ጥዬ መጣሁ። በሰው ቋንቋ ገበያ ወጥቼ ሸጥኩ፣ ገዛሁ፣ ልጅ አሳደግሁ። ይዤው የመጣሁት ስሜን ነው። በስሜማ አልዋሽም!"

ብፅአት ወደ ካርቱም፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በለጡ ከዚያም በኋላ ጠዋት ማታ "እኔ በለጡ ነኝ" ማለቷን አልተወችም። እሷ ባለች ቁጥር እሱ አንድ እርምጃ ይሸሻታል። በመጨረሻ ሰውነቷ ዛለ፤ መርፌ ላይ ክር መስካት እንኳ አቃታት። ድንበር ማዶ ገንዳ ውኃ ለሚኖረው ለጋረደው ታናሽ ወንድም ለክንፉ ደወለችና "መጥተህ ውሰደው" አለችው። ይህንኑ ለብፅአት በስልክ ነገረቻት።

"አዲስ ቦታ ይብስበታል፣ እማዬ።"

"የተወለደበት አገር እንዴት አዲስ ይሆናል?"

"ለሱ አሁን ሁሉም አዲስ ነው። ስምሽን ቢረሳ እጅሽን ለምዷል። የሚበላው ካንች እጅ ነው።"

"እጄም ደከመው እኮ፣ ልጄ" አለች በለጡ።

አልጋው በወጣበት በዚያ ጠዋት ክንፉ ደረሰ። ገና ከአጥሩ በር ላይ ሆኖ "ጋርዴ!" ብሎ ተጣራ፤ የልጅነት ስሙ ነው። ጋረደው አልጋው ላይ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

"ክንፌ! አንተ ቀበጥ፣ በሬዎቹን ለማን ትተህ መጣህ?"

ሁለቱ ሽማግሎች ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ በለጡ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ሁለት እጇን አበሰች፤ የሚታበስ ነገር አልነበረባትም። ወንድሙን በአንድ ቃል፣ በድምፁ ብቻ ዐወቀው። የእሷን ድምፅ ቀኑን ሙሉ ይሰማዋል።

ክንፉ እሷንም ስሞ ፊቷን አየ። "ከሳሽ እኮ፣ እትዬ በለጡ።"

"ደኅና ነኝ።"

"ከኛ ወዲያ ደግ ጠበል አለ። አጠምቀዋለሁ። ባይሻለው እንኳ አገሩ ላይ ይሁን። ብፅአት ምን አለች?"

"አልወደደችውም።"

"መድኃኒት አላት እንዴ?"

"የለኝም አለች። ማንም የለውም አለች።"

"እንግዲያ የኛ ይሞከር" አለ ክንፉ። በክፋት አልነበረም ያለው። "አንችስ?"

"ለሠርግ የታዘዘ የአልጋ ልብስ ተቀብያለሁ። እሱን ላስረክብና እከተላችኋለሁ" አለች። እውነት ትከተላቸው እንደሆነ ግን ራሷም አላወቀችም። "እስከ ድንበሩ፣ እስከ ገላባት እሸኛችኋለሁ።"

የጋረደውን ልብስ በአንሶላ ቋጠረችለት። ጎረቤቷ ባሕሪያ ለመንገድ የሚሆን ተምርና ዳቦ ይዛ መጣች። ባሕሪያ የቋራ ተወላጅ ናት፤ ባሏ መንገዱ ጥግ ላይ ሱቅ አለው። የበለጡን ዐይን አይታ ወደ ጎን ሳበቻት።

"ሰው ደክሞት ቢያርፍ ኀጢአት አይደለም፣ እህቴ" አለቻት ዝግ ብላ። "አላህ ልብሽን ያውቃል።"

በለጡ ራሷን ነቀነቀች። እንደ ሱዳን ሴቶች ቶቧን ተከናንባ ወጣች።

አውቶቡሱ ከጌዳሪፍ ሲወጣ የሰሊጥ አጨዳው ተጋምሶ ነበር። ታስሮ የቆመው ነዶ በሜዳው ላይ እስከ ዐይን ዳርቻ ተደርድሯል። ጋረደው መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ያያል፤ አልፎ አልፎ "ጥሩ ይዟል" ይላል ለክንፉ። ከዶካ ወዲያ ባለው ኬላ አንድ ወጣት ፖሊስ ገብቶ ተሳፋሪውን መመልከት ጀመረ። ጋረደው ጋ ሲደርስ ወዴት እንደሚሄድ በዓረብኛ ጠየቀው።

"እግዜር ይመስገን፣ እኛ ደኅና ነን፤ እናንተስ?" አለው ጋረደው በአማርኛ፣ ፊቱን አብርቶ።

ፖሊሱ ሳቀ። በለጡ ከወዲያኛው ወንበር የራሷንና የባሏን የስደተኛ መታወቂያ ዘርግታ ሕመሙን በዓረብኛ አስረዳችው። ሽማግሌው ምኗ እንደሆነ ጠየቃት።

"ራጅሊ" አለች፤ ባሌ ነው።

በዓረብኛ ስለተናገረችው ለጋረደው አልገባውም፤ አልተቃወማትም። ፖሊሱ "አላህ ይማረው፣ ያ ሐጃ" ብሎ እንደ እናት አክብሯት መታወቂያውን መለሰላትና ወረደ።

ገላባት ሲደርሱ ፀሐይዋ ከአናት ዘንበል ብላ ነበር። ክንፉ ለማለፊያው ጉዳይ ወደ ፖሊሶቹ ቢሮ ሄደ። በለጡና ጋረደው መንገዱ ዳር ካለ የሣር ዳስ ሥር ዝቅ ባሉ የገመድ በርጩማዎች ላይ ተቀመጡ፤ ባለዳሷም ቀዝቃዛ ከርከዴ ሰጠቻቸው። ከፊታቸው ሁለቱን አገር የሚለየው ኾር፣ በክረምት ብቻ የሚሞላ ወንዝ አለ፤ በዚህ ወቅት ደረቅ ነው። በድልድዩ ላይ ጆንያ የተሸከሙ፣ ፍየል የሚነዱ፣ ዕቃ በጋሪ የሚገፉ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ማዶ የመተማ ቆርቆሮ ጣራዎች ያብረቀርቃሉ፤ ከአንዱ ቤት የአማርኛ ዘፈን ይሰማል።

ጋረደው ኾሩን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ።

"ይችን ዐውቃታለሁ" አለ።

"እንዴት ዐወቅሃት?"

"ያኔ ውሃ ነበራት። በለጡን አዝዬ ነው የተሻገርኳት።"

በለጡ ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። *እኔ ነኝ* የሚለው ምላሷ ላይ መጣ። ያዘለው እሷን ነው። ወባ ይዟት፣ ጨርቅ ሆና፣ አንገቱ ላይ ተንጠልጥላ። ግን ጋረደው ፈገግ ብሎ ነበር። ከስንት ወር በኋላ በእሷ ፊት ፈገግ ሲል ያየችው ዛሬ ነው። አሁን "እኔ ነኝ" ብትለው ፈገግታው ይጠፋል፤ እንደ ጠዋቱ ዐይኑን ይሰብራል። ዋጠችው። በምትኩ ሳታስበው ሌላ ጥያቄ ከአፏ ወጣ።

"እንዴት ያለች ሴት ናት?"

"በለጡ?" ጋረደው ሳቀ። "ግትር ናት። ያለችውን አትለቅም። እናቷ ገና ስትድርልኝ 'ይችን ልጅ በልምጭ አትችላትም፣ በጨዋታ ያዛት' ብላኛለች።" ከርከዴውን ተጎነጨና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ነገር ላጫውትዎ፣ እመይቴ?"

"አጫውተኝ።"

"በድርቁና በጦርነቱ ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ ወደዚህ ይጎርፍ ነበር። እሷ መንገድ ላይ ወባ ያዛት። እዚች ኾር ስንደርስ መቆም አቃታት። ውሃው መሀል ስንገባ ጆሮዬ ላይ 'ተወኝና ሂድ፣ አንተ እንኳ ዳን' አለችኝ።"

በለጡ ያንን ማለቷን ታስታውሳለች። ውሃው ይጮህ ነበር፤ እሱም መልስ አልሰጣትም። እስከ ዛሬ ያልሰማት ነበር የሚመስላት።

"ምን አልካት?"

"ምንም። ያልሰማሁ መሰልኩ።"

"ሰምተህ ነበር?"

"ሰምቼ ነበር እንጂ! እንዴት አልሰማ፣ አፏ ጆሮዬ ላይ ነው።" ጋረደው እጁን ወደ ኋላ አዙሮ ጀርባውን ነካ። "ትኩሳቷ እዚህ ጋ እንደ ፍም ያቃጥለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። እስካቃጠለኝ ድረስ በሕይወት አለች እል ነበር። ማዶ ደርሰን ሳወርዳት ጀርባዬ ቀዘቀዘና ደነገጥሁ።"

"ለምን አልነገርካትም ታዲያ? ከዚያ በኋላ እንኳ?"

"ምን ብዬ?" ሽማግሌው እንደ ጎረምሳ አፈረ። "እንዲህ ያለ ነገር ለሚስት ይነገራል? ለርስዎ የምነግርዎ ስለማያውቁን ነው።"

በለጡ የቶቧን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ድልድዩ አዞረች። አንዲት ሴት አህያ እየጎተተች ታልፋለች። አህያዋ መሀል ድልድይ ላይ አልሄድም ብላ ቆማለች፤ ሰዉ ይስቃል። በለጡ ከዚያ ሁሉ ምንም አልሰማችም።

ክንፉ ከቢሮው ተመለሰ። "አለቀ፤ ማለፍ ትችላላችሁ አሉ። ተነሥ ጋርዴ፣ ማዶ መኪና አለ።"

ጋረደው አልተነሣም። "በለጡስ?"

"ትመጣለች። ተነሥ።"

"ሳትመጣ አልሻገርም። ስመጣም ጥያት አልመጣሁ።"

ክንፉ አንድ ጊዜ በለጡን፣ አንድ ጊዜ ወንድሙን አየ። ጎንበስ ብሎ በለጡን በጆሮዋ "ማዶ ናት እንበለው። ከተሻገረ ይረሳዋል" አላት።

እውነቱን ነው፣ ይረሳዋል። በለጡ ይህን ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ግን ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እዚያም ይነሣል፤ እዚያም "በለጡ የት ሄደች?" ይላል። ክንፉ ደግ ሰው ነው፣ ነገ ትመጣለች ይለዋል። በማግስቱም ያንኑ ይለዋል። እሷ ደግሞ ጌዳሪፍ ባዶ ቤት ውስጥ የሰው ሠርግ የአልጋ ልብስ ትሰፋለች።

"ማዶ ናት፣ ጋርዴ" አለ ክንፉ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እዚያ ሆና እየጠበቀችህ ነው።"

የጋረደው ፊት እንደ ሙሽራ ፈካ። ጥቅሉን አንሥቶ ከዳሱ ወጣና ወደ ድልድዩ ፈጠን ፈጠን እያለ መሄድ ጀመረ። ክንፉ ተከተለው። በለጡ ከበርጩማዋ ተነሣች። የዳሱን ምሰሶ ያዘች።

"ማዶ የለችም!" አለች።

ጋረደው ዞረ።

"በለጡ ማዶ የለችም፣ አያ ጋረደው። ጌዳሪፍ ናት፣ ቤቷ።" ወደ እሱ ሄደች። በሕይወቷ አንቱ ብላው አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ ሳይከብዳት ወጣ። "እርስዎን መልሼ እንዳመጣላት ልካኝ ነው።"

"ጌዳሪፍ?" ጋረደው ግራ ተጋብቶ አካባቢውን አየ። "ታዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?" ቀጥሎም ጠጋ ብሎ ፊቷን መረመረ። "አንቱ ማን ነዎት?"

ክንፉ ዐይኖቹን ከበለጡ ላይ አላነሣም።

"ጎረቤቷ ነኝ" አለች በለጡ።

ጋረደው ትከሻው ረገብ አለ። "እግዜር ይስጥልን። እሷ መቼም ጎረቤት ታውቃለች" አለ፤ ጥቅሉንም ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ።

"እትዬ በለጡ" አለ ክንፉ ቀስ ብሎ፣ "ትችይዋለሽ?"

"እንጃ። ዛሬን እችለዋለሁ።" ከዚያም ክንፉ ቅር እንዳይለው አሰበችና ጨመረች፦ "ጠበሉን በጀሪካን ላክልኝ። እኔው አጠምቀዋለሁ።"

ክንፉ በኋላ ወንድሙን አቅፎ ሳመው። ጋረደው "በሬዎቹን ደኅና አድርገህ ያዝ" አለው፤ ክንፉም "እይዛለሁ" አለ። በድልድዩ ላይ ብቻውን ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ እጁን አነሣላቸው።

ወደ ጌዳሪፍ የሚመለሰው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። በለጡ ጋረደውን ክንዱን ደግፋ አስገባችው። መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። አጠገቡ ልትቀመጥ ስትል ጥቅሉን ባዶው ወንበር ላይ አኖረው።

"እንዳይቀየሙኝ፣ እመይቴ" አላት አፍሮ። "ሰው አይቶ ቢነግራት ደግ አይደለም። ቅናተኛ ናት።"

በለጡ ጥቅሉን አየችው። ራሷ የቋጠረችው ነው፤ አንሥታ ጭኗ ላይ ልታደርገው ትችላለች።

"እውነትዎን ነው፣ አያ ጋረደው" አለችና አልፋው ከኋላው ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።